መንጠቆን ከክር ጋር አጥብቆ ማሰር፦ የማይፈታና የማይበጠስ ቋጠሮ ደረጃ በደረጃ

ዓሣው መንጠቆውን ውጦ መሳብ ከጀመረ በኋላ ክሩ ድንገት ላልቶ ባዶውን የሚመለስበት ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርረው በክሩ ነው። በማግሥቱ ወፈር ያለ ክር ይገዛል፤ አዲሱንም እንደ ድሮው ያስረዋል፤ ዓሣውም እንደ ድሮው ያመልጠዋል። ጤነኛ የናይሎን ክር ግን ከመካከሉ የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው። የሚለቀው መንጠቆው ከታሰረበት ቋጠሮ ላይ ነው፤ ቋጠሮው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሲጠመዘዝ ሳይሆን ሲጠብቅ፣ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነው። በዚህ መመሪያ ክሩን ስለ ማርጠብና ቀስ ብሎ ስለ ማጥበቅ ደጋግሜ የማነሣው ለዚህ ነው፤ ይህን ክፍል የሚዘል ሰው የቱንም ያህል ጥሩ ቋጠሮ ቢመርጥ ትርፍ አያገኝም።

ለጀማሪ ሦስት ቋጠሮዎች ይበቃሉ። ዓይን ላለው ተራ መንጠቆ ፓሎማር፣ በቀለበት ውስጥ ለማሳለፍ ለማይመች ትልቅ መንጠቆ ዩኒ፣ ዓይን ለሌለውና ራሱ ጠፍጣፋ ለሆነ መንጠቆ ደግሞ ግንዱ ላይ የሚጠመጠመው ቋጠሮ ያገለግላሉ። ሦስቱን በአንድ ቀን ለመማር አይሞክሩ። ፓሎማርን እጅዎ እስኪለምደው ድረስ ይያዙት፤ ሌሎቹን የመንጠቆው ዓይነት ሲያስገድድዎት ይመለሱባቸዋል።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጠራር እንግባባ። ወደ እጅዎ፣ ወደ ዘንጉ ወይም ወደ ጥቅሉ የሚሄደውን ክፍል «ዋናው ክር»፣ በቋጠሮው ሥራ ላይ የሚንቀሳቀሰውንና በመጨረሻ የሚቆረጠውን «ነጻው ጫፍ»፣ ክሩ የሚያልፍበትን የመንጠቆ ቀዳዳ «ዓይን»፣ ቀጥ ያለውን የመንጠቆ አካል «ግንድ» እንላለን።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ማዘጋጀት

የሚከተሉትን አጠገብዎ ያስቀምጡ፦ የጥፍር መቁረጫ፣ አነስተኛ ፒንሳ፣ ንጹሕ ውኃ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ፣ ትንሽ ጥጥና የመንጠቆውን ሹል ጫፍ የሚሸፍን የቡሽ ቁራጭ። ክር በጥርስ አይቁረጡ። ጥርስ ናይሎንን ይጨፈልቀዋል እንጂ በደንብ አይቆርጠውም፤ የተጨፈለቀ ጫፍ በመንጠቆው ዓይን አይገባም፤ ሐይቅ ውስጥ የዋለ ክር ወደ አፍ ማስገባትም ለጤና አይበጅም።

የመጀመሪያውን ልምምድ በዓሣ ማጥመጃ ክር አያድርጉት። የጫማ ክርና የቁልፍ ቀለበት ይውሰዱና ጠረጴዛ ላይ ይለማመዱ። የቁልፍ ቀለበቱ የመንጠቆውን ዓይን ይተካል፤ የጫማው ክር ወፍራም በመሆኑ የትኛው ጭረት (አንዱ የክር መስመር) በየትኛው ላይ እንደ ተላለፈ በግልጽ ይታያል። በቀጭን ናይሎን የጀመረ ሰው ስሕተቱን ማየት ስለማይችል ያንኑ ስሕተት እየደጋገመ ይለምደዋል።

ደረጃ 2፦ ክሩን መፈተሽ

የክሩን የመጨረሻ 1 ሜትር ሳይሳሱ ቆርጠው ይጣሉት፤ በፀሐይ፣ በአሸዋና በጀልባው ጠርዝ የተጎዳው ክፍል እሱ ነው። ቀጥሎ ያለውን አንድ ክንድ ያህል በአውራ ጣትዎና በሌባ ጣትዎ ጥፍር መካከል ቀስ ብለው ይሳቡ። ጥፍርዎ ላይ የሚንቀረፈፍ፣ ነጣ ያለ ወይም የተጠማዘዘ ቦታ ካገኙ ከዚያ በላይ እንደ ገና ይቁረጡ። ናይሎን ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ ላዩ ብናኝ የነካው ይመስላል፤ ሲሳብም ሳይለጠጥ ይበጠሳል። እንዲህ ያለውን ክር የትኛውም ቋጠሮ አያድነውም፤ ጥቅሉን በሙሉ ይለውጡት።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የጥንካሬ መጠን ያንብቡ። በፓውንድ ከተጻፈ 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ 10 ፓውንድ የሚል ክር ወደ 4.5 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሚነገረው ቋጠሮ ለሌለው ክር መሆኑን አይርሱ፤ ማንኛውም ቋጠሮ ከዚህ ጥንካሬ ላይ ይቀንሳል። በደንብ የታሰረው ጥቂት፣ በግዴለሽነት የታሰረው ግን ብዙ ይቀንሳል።

ደረጃ 3፦ መንጠቆውን መፈተሽ

ይህ ደረጃ ብዙዎች የሚያልፉት ነው፤ ክሩ በተደጋጋሚ ከቋጠሮው ሥር የሚቆረጥባቸው ሰዎች ግን መልሱን እዚህ ያገኙታል። አብዛኛው የመንጠቆ ዓይን የሚሠራው ሽቦውን በክብ በማጠፍ ነው። የሽቦው ጫፍ ከግንዱ ጋር በደንብ ካልገጠመ ቀጭን ክፍተት ይቀራል፤ ጫፉም ምላጭ የመሰለ ስለት ሊኖረው ይችላል። ዓሣው ሲሳብ ክሩ ወደዚያ ክፍተት ይንሸራተትና ይቆረጣል።

ትንሽ ጥጥ በጣትዎ ጠምዝዘው በዓይኑ ውስጥ ያሳልፉትና ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። ጥጡ ሳይያዝ ካለፈ ዓይኑ ለስላሳ ነው። ቃጫ እየጣለ ከተያዘ ግን ስለት አለ ማለት ነው፤ በቀጭን ሞረድ ወይም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ካልለሰለሰ መንጠቆውን ይተዉት። ክፍተቱ ሰፋ ያለ ከሆነ በፒንሳ ይጭመቁት፤ ሲጨመቅ የሚሰነጠቅ መንጠቆ ቢሆን ቀድሞውኑም ዓሣ አይዝም ነበር።

የመንጠቆው መጠን ከክሩ ጋር መመጣጠን አለበት። ቁጥሩ ከ1 ወደ ላይ እያደገ ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፤ ከ1/0 ጀምሮ ግን በተቃራኒው ቁጥሩ ሲያድግ መንጠቆውም ያድጋል። አፉ ትንሽ ለሆነው ቆሮሶ ከ6 እስከ 10 ቁጥር ያለ መንጠቆ በቀጭን ክር፣ ለአምባዛ ደግሞ ከ1/0 በላይ የሆነ መንጠቆ በወፍራም ክር ማሰር የተለመደ ነው። እንደ ነገሩ በእጅ የሚገኘውን ወፍራም ክር በትንሽ መንጠቆ ላይ ለማሰር የሚሞክር ሰው ቋጠሮው አይጠብቅለትም፤ ወፍራም ናይሎን በትንሽ ዓይን ዙሪያ ለመታጠፍ እምቢ ይላል፤ የጠበቀ መስሎ ታይቶም ውኃ ውስጥ ሲገባ ይላላል።

ደረጃ 4፦ ፓሎማርን ማሰር

ፓሎማር ጠንካራ የሆነበት ምክንያት ክሩ በመንጠቆው ዓይን ውስጥ ድርብ ሆኖ ስለሚያልፍ ጭነቱን ሁለት ጭረቶች ስለሚካፈሉት ነው። ጥቂት እንቅስቃሴዎች ብቻ ያሉት በመሆኑም በብርድ በደነዘዘ ጣት ወይም ጎሕ ሳይቀድ በሚደረግ ሥራ ላይ ለስሕተት ቦታ አይሰጥም።

4.1. የመንጠቆውን ሹል ጫፍ በቡሽ ይሸፍኑ። ከክሩ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ አጥፈው ድርብ ያድርጉት። ከዚህ ቢያሳጥሩት በኋላ መንጠቆው በቀለበቱ ውስጥ አያልፍልዎትም፤ ትልቅ መንጠቆ ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠቀሙ።

4.2. የታጠፈውን ጫፍ በጣቶችዎ ጨምቀው ጠፍጣፋ ያድርጉትና በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉት። ድርቡ አልገባ ካለዎት አይጋፉት። መጀመሪያ ነጻውን ጫፍ ብቻ በዓይኑ ያሳልፉ፤ ከዚያ አዙረው በመጣበት በኩል በዚያው ዓይን መልሰው ያውጡት፤ በማዶ በኩል ቀለበት እንዲቀር ያድርጉ። ውጤቱ አንድ ነው።

4.3. በድርቡ ክር፣ ከመንጠቆው በላይ፣ አንድ ተራ ቋጠሮ ይሥሩ። አያጥብቁት፤ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ላላ ብሎ ይቀመጥ። መንጠቆው በዚህ ልል ቋጠሮ መካከል ተንጠልጥሎ መወዛወዝ ይኖርበታል። አሁን ቆም ብለው ሁለቱን ጭረቶች ይመልከቱ። ጎን ለጎን ተኝተው መሄድ አለባቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ከተጠመዘዘ በጣትዎ ያስተካክሉት። ከጠበቀ በኋላ የሚደረግ እርማት የለም።

4.4. በመንጠቆው ማዶ የቀረውን ቀለበት በጣቶችዎ ከፍተው መንጠቆውን በሙሉ በውስጡ ያሳልፉት። መንጠቆውን ከመታጠፊያው ይያዙ እንጂ ከጫፉ አይያዙ። ቡሹ ማለፍ ካልቻለ ያንሡትና ካለፈ በኋላ መልሰው ይሰኩት።

4.5. ቀለበቱን ወደ ላይ መልሰው የመንጠቆውን ዓይን እንዲያልፍና ከዓይኑ በላይ በቋጠሮው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ቀለበቱ ከዓይኑ ሥር ግንዱ ላይ ተይዞ ቢቀር ቋጠሮው በአንድ ጎን ብቻ ይጠብቅና መንጠቆው ይጣመማል። በፓሎማር ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት ይህ ነው፤ በዓይንዎ ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ደረጃ 5፦ ማርጠብና ማጥበቅ

ደረቅ ናይሎን በደረቅ ናይሎን ላይ እየተፋተገ በፍጥነት ሲጠብቅ ይሞቃል። ናይሎን ሙቀትን ቶሎ የሚያሳልፍ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ክሮቹ በሚነካኩበት ጠባብ ቦታ ላይ ይጠራቀምና ላዩን ያለሰልሰዋል፤ ሲቀዘቅዝ ያ ቦታ የተጎዳ ሆኖ ይቀራል። ከውጭ ሲታይ ቋጠሮው ያምራል፤ ዓሣ ሲሳብ ግን በዚያው ነጥብ ላይ ይበጠሳል። አንድ ሁለት ጠብታ ውኃ ይህን በሙሉ ያስቀራል።

5.1. ከጠርሙሱ ጥቂት ውኃ በቋጠሮው ላይ ያንጠባጥቡ፤ ወይም ቋጠሮውን ውኃ ውስጥ ነክረው ያውጡ። ላዩን ብቻ ሳይሆን እጥፋቶቹ መካከል መግባቱን ይመልከቱ።

5.2. መንጠቆውን ከመታጠፊያው በፒንሳ ይያዙ፤ ፒንሳ ከሌለ ከግንብ ላይ ባለ ምስማር ወይም በጀልባው ጠርዝ ላይ ባለ ቀለበት ያንጠልጥሉት። በእጅ ጣት መካከል ይዘው በኃይል አይሳቡ፤ ክሩ ሲያመልጥ መንጠቆው የሚገባው መዳፍ ውስጥ ነው።

5.3. ዋናውን ክርና ነጻውን ጫፍ አንድ ላይ ይዘው ቀስ ብለው ይሳቡ። ለአንድ ጊዜ አይጨርሱት፤ ትንሽ ስበው ያቁሙ፤ እጥፋቶቹ ጎን ለጎን መሰብሰባቸውን ይመልከቱ፤ ከዚያ ይቀጥሉ። ቋጠሮው ወደ ዓይኑ ሲጠጋ የመጨረሻውን ጥብቀት ዋናውን ክር ብቻ በመሳብ ይስጡት፤ ቀጥሎ ነጻውን ጫፍ በፒንሳ ለየብቻው ሳብ ያድርጉት።

5.4. ሲጠብቅ «ጭር» የሚል ድምፅ ከሰሙ ወይም ክሩ ከቋጠሮው በላይ እንደ ሞላ ከተጠቀለለ ቋጠሮው ተቃጥሏል። ጥቅልሉን አስተካክላለሁ ብለው ጊዜ አያጥፉ፤ ከጥቅልሉ በላይ ቆርጠው ከደረጃ 4 ይጀምሩ። ይህ ጥቅልል አስቀድሞ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዝምታ የሚያልፈው ሰው ዓሣውን ይከፍልበታል።

ፍሎሮካርቦን የተባለው ጠጣር ክር ከናይሎንም በላይ ይህን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ክሩ በባሕርዩ ግትር ስለ ሆነ እጥፋቶቹ ቶሎ አይሰበሰቡም፤ የሚስቡበት ፍጥነት ግማሽ ይሁን። የተጎነጎነው ቀጭን ክር ደግሞ ያዳልጣል እንጂ አይተሳሰርም፤ ፓሎማር ይይዘዋል፤ ነገር ግን የሚተወው ትርፍ ጫፍ ረዘም ማለት አለበት።

ደረጃ 6፦ መመልከትና መቁረጥ

የጠበቀውን ቋጠሮ ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት። ቋጠሮው በዓይኑ ላይ ተጠግቶ መቀመጥ፣ ጭረቶቹ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መተኛት፣ ክሩም ከዓይኑ መካከል ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። የክሩ አንድ ጎን ደብዝዞ ወይም ነጥቶ ከታየ ተቃጥሏል። ቋጠሮውን በጥፍርዎ ገፋ ሲያደርጉት በዓይኑ ላይ ቢዞር ችግር የለውም፤ ቢላላ ግን አልጠበቀም።

ነጻውን ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ይቁረጡ። በናይሎን 3 ሚሊ ሜትር፣ በተጎነጎነ ክር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀሩ። ለውበት ብለው ከሥሩ አይጨርሱት፤ ቋጠሮ ጭነት ሲያርፍበት ጥቂት ይንሸራተታል፤ የቀረው ጫፍ ለዚያ የተተወ መጠባበቂያ ነው። ጫፉን በክብሪት አቃጥሎ ጉጥ መሥራት በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም አልመክርም፤ እሳቱ የሚነካው ጫፉን ብቻ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መሞከር

እጅ ላይ ጠቅልሎ ሳብ ማድረግ ፈተና አይደለም፤ እጅዎን ከመቁረጥ በቀር የሚነግርዎት ነገር የለም። በቤት ውስጥ 5 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይውሰዱ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን በውኃው መጠን ቋጠሮው የሚሸከመውን ክብደት መለካት ይችላሉ። መንጠቆውን በጀሪካኑ እጀታ ላይ ያንጠልጥሉ፤ ክሩን በአጭር ወፍራም እንጨት ላይ ጠቅልለው ጀሪካኑን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ቀስ ብለው ያንሡ፤ ፊትዎን ወደ ጎን ያርቁ፤ መነጽር ካለዎት ያድርጉ። ክሩ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው በግማሽ ይጀምሩ፤ በየጊዜው ግማሽ ሊትር ይጨምሩ። ለምሳሌ 5 ኪሎ ግራም በተጻፈበት ክር ላይ የታሰረ ቋጠሮ በ2.5 ሊትር ከለቀቀ አሠራሩ ላይ ከባድ ጉድለት አለ፤ ከ4 ሊትር በላይ ተሸክሞ ከቆየ እጅዎ ለምዷል ማለት ይቻላል።

ሙከራውን በረጠበ ክር ላይ ያድርጉት፤ ናይሎን ውኃ ሲጠጣ ጥንካሬው ጥቂት ይቀንሳልና ሐይቁ ውስጥ የሚያገኙት እውነተኛው ቁጥር እሱ ነው። የተሞከረውን ቋጠሮ ለማጥመድ አይጠቀሙበት፤ ቆርጠው አዲስ ይሰሩ።

ትልቅ መንጠቆ ሲሆን፦ ዩኒ

በአዋሳ ሐይቅ ለአምባዛ ወይም በጫሞ ሐይቅ ለናይል ፐርች እንደሚዘረጋው በርካታ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረጅም ክር ላይ መንጠቆው ትልቅ፣ ክሩም ወፍራም ስለ ሆነ መንጠቆውን በቀለበት ውስጥ ማሳለፍ አድካሚ ነው። ዩኒ መንጠቆው ሳይንቀሳቀስ ይታሰራል።

1. ክሩን በዓይኑ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳልፉና ከዋናው ክር ጋር ጎን ለጎን ያስተኙት።

2. ነጻውን ጫፍ ወደ መንጠቆው አቅጣጫ መልሰው በሁለቱ ክሮች ላይ ክብ ቀለበት እንዲሠራ ያድርጉ።

3. ነጻውን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፉ በሁለቱ ክሮች ዙሪያ ይጠምዝዙ። በቀጭን ናይሎን 5 ወይም 6 ዙር፣ ከ0.50 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ወፍራም ናይሎን 3 ወይም 4 ዙር፣ በተጎነጎነ ክር 7 ወይም 8 ዙር ይበቃል። በወፍራም ክር ላይ ዙር ማብዛት ቋጠሮውን ያጠነክራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ዙሮቹ ስለማይሰበሰቡ መካከላቸው ልል ይቀራል።

4. ነጻውን ጫፍ ሳብ አድርገው ዙሮቹ እንዲሰበሰቡ ያድርጉ፤ ገና ሙሉ በሙሉ አያጥብቁ። ያርጥቡት።

5. ዋናውን ክር በመሳብ ቋጠሮውን ወደ ዓይኑ ያንሸራትቱት፤ ከደረሰ በኋላ ነጻውን ጫፍ በፒንሳ ስበው ይጨርሱት። ቋጠሮው መንገድ ላይ ከቆመና አልንሸራተት ካለ ቀድመው አጥብቀውታል ማለት ነው፤ ለመጎተት አይታገሉት፤ ይቁረጡት።

ዓይን የሌለው መንጠቆ ሲሆን፦ በግንዱ ላይ መጠምጠም

ራሱ ጠፍጣፋ የሆነውን መንጠቆ በተራ ቋጠሮ ለማሰር መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የሚይዘው በግንዱ ላይ የሚጠመጠም ክር ብቻ ነው።

1. ከነጻው ጫፍ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥፈው ቀለበት ይሥሩና ቀለበቱን በግንዱ ርዝመት ላይ ያስተኙት፤ የቀለበቱ ራስ ወደ መታጠፊያው፣ ዋናው ክር ወደ ጠፍጣፋው ራስ ይሁን።

2. ሁለቱን የቀለበቱን ጭረቶች ከግንዱ ጋር በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። ነጻውን ጫፍ ከጠፍጣፋው ራስ ሥር ጀምረው ወደ መታጠፊያው እየወረዱ በግንዱና በጭረቶቹ ዙሪያ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ይጠምጥሙ። እያንዳንዱ ዙር ከፊተኛው ጎን ይተኛ፤ በላዩ አይውጣ።

3. ነጻውን ጫፍ በቀለበቱ ራስ ውስጥ ያሳልፉትና ጣትዎን ከዙሮቹ ላይ ሳያነሡ ዋናውን ክር ይሳቡ፤ ቀለበቱ ጠብቦ ጫፉን ይይዘዋል።

4. ያርጥቡ፤ ዙሮቹን በጥፍርዎ ወደ ጠፍጣፋው ራስ ገፍተው ያስጠጉ፤ ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስበው ያጥብቁ።

ዋናው ክር የሚወጣው ሹሉ ጫፍ በሚመለከተው በኩል፣ ማለትም ከግንዱ ፊት መሆን አለበት። ከኋላ በኩል ከወጣ ክሩ በጠፍጣፋው ራስ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል፤ ጠርዙ ደግሞ ስለት ስለሆነ ቀስ በቀስ ይከረክረዋል። ወደ ኋላ ዞሮ ካገኙት ከመጠቀምዎ በፊት ጥምጥሙን ሁሉ በጣትዎ አዙረው ወደ ፊት ይመልሱት።

ክሩ ባዶውን ሲመለስ፦ ጫፉን ማንበብ

የተበጠሰውን ጫፍ ሳያዩ አዲስ መንጠቆ ለማሰር አይቸኩሉ። ጫፉ የት እንደ ተሳሳተ ይናገራል።

ጫፉ እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሎ ከመጣ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተንሸራትቶ ተፈትቷል። ወይ ዙሮቹ አንሰዋል፣ ወይ ጫፉ አጥሮ ተቆርጧል፣ ወይም እስከ መጨረሻው አልጠበቀም።

ጫፉ ቀጥ ያለና የተቆረጠ የሚመስል ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱና የቀሩትን መንጠቆዎች ዓይን በጥጥ ይሞክሩ፤ ችግሩ ከአንድ ማሸጊያ በወጡት ሁሉ ላይ ሊሆን ይችላል።

ጫፉ ከመበጠሱ በፊት ተለጥጦ ቀጥኖና ነጥቶ ከታየ ክሩ ከቋጠሮው ላይ የተበጠሰው በመቃጠል ወይም ጭረቶቹ በመደራረባቸው ነው። ይህ የደረጃ 4.3 ወይም የደረጃ 5 ስሕተት ነው።

ጫፉ ሻክሮ የተፋቀ ከሆነና የተበጠሰውም ከቋጠሮው በላይ ከሆነ ቋጠሮዎን አይውቀሱ። ክሩ በድንጋይ ወይም በዓሣው አፍ ተፍቋል። በተለይ አምባዛ በአፉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ የደቃቅ ጥርስ መስመር አለው፤ አንድ ትልቅ አምባዛ ካወጡ በኋላ ከመንጠቆው በላይ ያለውን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በጥፍርዎ ይፈትሹ፤ ከሻከረ ቆርጠው እንደ ገና ይሰሩ። ዓሣው እየተንከባለለ ክሩን የሚያጠማዝዝ ከሆነ በዋናው ክርና መንጠቆው በታሰረበት አጭር ክር መካከል የሚሽከረከር ማያያዣ ያስገቡ፤ እሱንም የሚያስሩት በዚያው በተማሩት ቋጠሮ ነው።

መንጠቆው ሰውነት ውስጥ ከገባ

ከጫፉ ሥር ወደ ኋላ የዞረችው ሹል ምላስ ቆዳ ውስጥ ካልገባች መንጠቆውን በገባበት መንገድ መልሶ ማውጣት ይቻላል፤ ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይጠቡት። ምላሷ ከገባች ግን በኃይል አይጎትቱ፤ ክሩን ቆርጠው መንጠቆው እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ ይደግፉና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ዓይን አካባቢ ከገባ ምንም ሳይነኩ ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የቴታነስ ክትባትዎ ጊዜው እንዳላለፈ የጤና ባለሙያውን ይጠይቁ።

መቼ እንደ ገና ማሰር እንዳለብዎት

ቋጠሮ አንድ ጊዜ ታስሮ ለወቅቱ ሁሉ የሚያገለግል አይደለም። በየዕለቱ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት፣ ትልቅ ዓሣ ከወጣ በኋላ፣ መንጠቆው በድንጋይ ወይም በግንድ ተይዞ በኃይል ከተጎተተ በኋላ፣ እንዲሁም ቋጠሮው በላዩ ነጥቶ ሲታይ አዲስ ይሰሩ። ሌሊት በውኃ ውስጥ በሚያድረው ረጅም ክር ላይ ያሉትን መንጠቆዎች ጠዋት ሲያነሡ አንድ በአንድ ሳብ እያደረጉ ይፈትሹ፤ የላላውን ለይተው ወደ ጎን ያስቀምጡ እንጂ ሲመሽ አስተካክለዋለሁ ብለው መልሰው አይዘርጉት።

የቆረጡትን ክር ሁሉ በኪስዎ ወይም በጠርሙስ ውስጥ ይሰብስቡ። ናይሎን በሐይቅ ዳር ሲጣል ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል፤ በአዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ቅሪት ሲለቅሙ የሚውሉት አባ ኮዳዎች እግራቸውን የሚያስራቸው እንዲህ ያለው ቁራጭ ነው፤ ከነመንጠቆው የቀረ ከሆነ ደግሞ ይውጡታል። ወደ ቤት ሲመለሱ ቁራጮቹን ከጣት የማይበልጡ አድርገው ከትክተው ከቆሻሻ ጋር ያስወግዷቸው።